የልጄን ድምፅ የካድኩበት ቀን

ይህን ነገር ከእኔ ሌላ የሚያውቅ ሰው የለም። ባለቤቴ እንኳ አያውቅም። ቤተ ክርስቲያን ውስጥ መጋቢያችን «በልባችሁ የሸሸጋችሁትን ለጌታ ንገሩት» ባሉ ቁጥር ዓይኔን ጨፍኜ ስለ ጉልበቴ ሕመም ነው የምጸልየው። ለእናንተ የምነግራችሁ ስለማታውቁኝ ነው። የሚያውቀኝ ሰው «አንቺ እኮ ለልጅሽ ብለሽ ነው» ይለኛል። ያንን መስማት አልፈልግም።

የምኖረው ሐዋሳ፣ አዲስ ከተማ ነው። የተማሪ ዩኒፎርም እሰፋለሁ። ትምህርቴን ከስድስተኛ ክፍል ነው ያቆምኩት፤ አጻጻፌ ቢጎረብጣችሁ ቻሉኝ። ፈሪ ሴት ነኝ። ሰማዩ ጥርት ብሎ ሳለ ጃንጥላ ይዤ እወጣለሁ። ቡታጋዙን ማጥፋቴን እያወቅኩ ከመንገድ ተመልሼ አየዋለሁ።

ሊዲያ የመጀመሪያ ልጄ ናት። ገና ተማሪ እያለች ከታዳጊዎቹ ወደ ዋናው የሴቶች ቅርጫት ኳስ ቡድን አሳደጓት። ቦታዋን ጋርድ ይሉታል፤ ኳሱን እያነጠረች ይዛ የምትወጣና ሌሎቹን «አንቺ ወዲህ፣ አንቺ ወዲያ» እያለች የምታጫውት ማለት ነው። የመጀመሪያውን ዓመት ግን አብዛኛውን ተጠባባቂ ወንበር ላይ ነው ያሳለፈችው። ስትገባም ኳሱ እጇን የሚያቃጥላት ይመስል ቶሎ ለሌላ ትሰጣለች። አፏን አትከፍትም።

ለምን እንደማትከፍት አውቅ ነበር፤ ያሳደግኳት እኔ ነኝ። የሚበልጥሽን ሰው በባዶ ስሙ አትጥሪ፣ ታላቅሽን አትዘዢ እያልኩ ነው ያሳደግኳት። እዚያ ቡድን ውስጥ ደግሞ ሁሉም ታላቆቿ ናቸው። አንድ ቀን ጨዋታ መሃል ጽጌ የምትባለውን አንጋፋ ተጫዋች «እትዬ ጽጌ!» ብላ ስትጠራት ኳሱን ነጠቋት። ጽጌ ወገቧን ይዛ ሳቀች።

«አንቺ ልጅ፣ እትዬ ብለሽ እስክትጨርሺ ኳሱ ሻሸመኔ ገባ እኮ!»

ከዚያ ወዲህ ልጄ እትዬ ማለቱንም ጽጌ ማለቱንም ተወችው። ጨዋታ ላይ ከኋላዬ የተቀመጡ ጎረምሶች «ይቺ ዲዳ ናት እንዴ?» ሲባባሉ ሰማሁ። አንዱ «እናቷ ምላሷን ቤት ቆልፋባት ነው የላከቻት» አለና አሳቃቸው። እኔም ነጠላዬን አፌ ላይ አድርጌ አብሬ የሳቅኩ መሰልኩ።

በዚያው ዓመት፣ ውድድሩ ሊያልቅ ሲል፣ አንድ ጠዋት ዓሣ ልገዛ ወደ ሐይቁ ወረድኩ። ጉም ወርዶ ነበር። ውሃውና ሰማዩ የት ላይ እንደሚለያዩ አይታይም። ጀልባዎቹ አየር ላይ የተንጠለጠሉ ይመስላሉ። አባ ኮዳ የሚባሉት ትልልቅ ወፎች ክንፋቸውን ሰብስበው፣ ለቅሶ ቤት እንደመጡ ሽማግሌዎች ዝም ብለው ቆመዋል። የራሴ ኮቴ እንኳ ከሌላ ሰው እግር የሚመጣ ይመስለኝ ነበር። በዚያ መሃል የኳስ ድምፅ ሰማሁ፤ ዱብ፣ ዱብ፣ ዱብ። ከዚያ የሰው ድምፅ ተከተለ።

«ግራ! ግራውን ያዢ! ማሬ፣ ግቢ! አሁን!»

ድምፁን አላወቅኩትም። የወለደች እናት የልጇ ድምፅ ይጠፋታል? እኔን ጠፋኝ። ማን ይሆን ብዬ ድምፁን ተከትዬ ሄድኩ። ከዛፎቹ ኋላ፣ ስሚንቶው የተሰነጣጠቀ ሜዳ ላይ፣ ሊዲያ ከሰፈር ልጃገረዶች ጋር ትጫወታለች። አንዴ ትታያለች፣ አንዴ ጉሙ ይውጣታል። ሲውጣት ድምፅዋ ይቀራል፤ ልጆቹም ያንን ድምፅ ይዘው ይሮጣሉ። ኳሱን ማንም ወደሌለበት ትወረውራለች፤ እኔ ባከነ ስል ከጉሙ ውስጥ አንዲት ልጅ ብቅ ትልና ትቀበላታለች። ስለ ቅርጫት ኳስ የማውቀው ነገር የለም። ግን የማየው ነገር ገና የሚጀምር እንጂ የሚያልቅ እንዳልሆነ አወቅኩ። አጠገቤ ካለው ዛፍ ቅጠል በጠስኩ፤ ሕልም መሆኑን ልለይ ብዬ።

ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር። ደስም ብሎኛል፤ ግን ለአፍታ ነው። ወዲያው አውቶቡስ ታየኝ። አዲስ አበባ ታየኝ፣ ድሬዳዋ ታየኝ፣ እኔ ያላነጠፍኩት አልጋ ታየኝ፣ በፋሻ የተጠቀለለ ጉልበት ታየኝ። ልጄ በዚያ ጉም ውስጥ እየራቀችኝ ስትሄድ ታየኝ። ዓሣ ሳልገዛ ተመለስኩ። ቤት ስጠየቅ «ቆሮሶ ዓሣ አልነበረም» አልኩ።

ውድድሩ ካለቀ በኋላ የቡድኑ አሰልጣኝ ቤቴ መጣች። ወጣት ሴት ናት። የዩኒፎርሙን ክምር አንስቼላት ስፌት መኪናው አጠገብ ተቀመጠች። ሊዲያ ሱቅ ሄዳ ነበር።

«እናቴ፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎት ነው የመጣሁት» አለችኝ። «እጇን አይቻለሁ፣ ዓይኗንም አይቻለሁ። ድምፅዋን ግን ዓመቱን ሙሉ አልሰማሁትም። ለቦታው ሌላም ልጅ አለችኝ። ገና ናት ብዬ ልጠብቃት ወይስ ተፈጥሮዋ ነው? ቤት ውስጥ እንዴት ናት? እናት ታውቃለች።»

አውቃለሁ። በደንብ አውቃለሁ።

«ኧረ ሊዲያ!» አልኳት። «ድምፅዋ ከጓዳ ሳሎን አይደርስም። ተፈጥሮዋ ነው።»

«ስትናደድ እንኳ? ከእኩዮቿ ጋር ስትጫወት?»

«ሰምቼ አላውቅም።»

ሰምቼ አላውቅም አልኩ። እኔ ነኝ ያልኩት። እንዲያውም በጨዋነቷ የምኮራ መስዬ ፈገግ ብዬ ነው ያልኩት። አሰልጣኟ «እኔ ግን ያላት ይመስለኝ ነበር» አለች። ያን ጊዜ እንኳ ቃሌን ማጠፍ እችል ነበር። ሻይ ልጨምርልሽ አልኳት።

ሊዲያ ዳቦውን እንዳቀፈች ገባች። «እማ፣ አሰልጣኟ መጥታ ነበር አሉኝ። ምን አለች? ያቆዩኛል?»

አላውቅም ማለት አቅቶኝ ነው? አይደለም። አላውቅም ካልኳት ሄዳ አሰልጣኟን ትጠይቃለች። እዚያ እንዳትሄድ ነው እንዲህ ያልኳት። «ዓመት ሙሉ አይቻታለሁ፣ ሰው መምራት አልተፈጠረላትም አለች። አንቺን ማየት ስለከበዳት ለእኔ ነግራኝ ሄደች።»

ዳቦውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው። «እሺ» አለች። ቦታው ለሌላዋ ልጅ ተሰጠ። አሰልጣኟም ብዙ ሳትቆይ ወደ ሌላ ከተማ ተዛወረች፤ ውሸቴን የሚያጋልጥ አፍ ጠፋ።

ለምን አደረግኩት? የመኪና አደጋ የበላው ወገን የለኝም። ባሌ በሕይወት አለ። ልጄ ላይ ማንም ክፉ አላደረገባትም። እናንተ የምታዝኑልኝ ምክንያት ብፈልግ አጣሁ። ልጄ ከእኔ የምትበልጥበትን ቦታ አየሁ፤ እዚያ እንዳትደርስ በገዛ አፌ በሩን ዘጋሁት። ያውም በእሷው ጨዋነት አሳብቤ።

ሊዲያ አሁን ሐይቅ ዳር ካሉት ሆቴሎች በአንዱ እንግዳ ተቀባይ ናት። ትሕትናዋን ሰው ሁሉ ይወድላታል። በቀደም ከሥራ ስትመለስ ጫማዋን እያወለቀች ሥራ አስኪያጁ የእንግዳ ተቀባዮቹ ኃላፊ ሁኚ እንዳላት ነገረችኝ።

«ታዲያ ምን አልሽው?»

«አይሆንም አልኩት። እኔ ሰው አላዝም፣ እማ። አሰልጣኟ ያኔ አይታኝ የለ?» አለችና ትከሻዬን ሳመችኝ። «እንኳንም በጊዜ ነገርሽኝ። ሰው ፊት ከመዋረድ አዳንሽኝ።»

አመሰገነችኝ። ልጄ በዚያ ነገር አመሰገነችኝ። ከዚያ ቀን ወዲህ ስፌት መኪናው ላይ ስቀመጥ ጨርቁ እየደበዘዘ ጉም ይመስለኛል፤ ከውስጡ የሚጠራ ድምፅ እሰማለሁ። እጄ በራሱ ይሰፋል፤ እኔ የለሁም።

እናንተን ይቅርታ አልጠይቅም፤ የበደልኩት እናንተን አይደለም። ይህን የጻፍኩት ፊቷ ስቆም ምላሴ ነገሩን እንዳያሳንሰው ነው። ዛሬ ከሰዓት ገቢ ናት፤ ማታ ትመጣለች። ሐይቁ ዳር እንዳየኋት፣ እንደሰማኋት፣ አሰልጣኟ ትጠብቃት እንደነበር፣ «አልተፈጠረላትም» ያልኩት እኔ እንደሆንኩ እነግራታለሁ። ፈርቼ ነው አልላትም፤ እናት ነኝ አልላትም። ሥራ አስኪያጁ ሌላ ሰው ሳይሾም ልድረስላት እንጂ ይቅር ትበለኝ አትበለኝ የእሷ ነው። ብትጮህብኝ ትጩህ። ጎረቤቱ ሁሉ ይስማት።