ሁለት የግራ እጅጌ

የመጀመሪያ ቀን ጋሽ ሙሳ ወንበርም መኪናም አላሳዩኝም። አንድ መርፌ፣ አንድ ጥቅል ነጭ ክርና ጣሳ ሙሉ ቁልፍ ሰጡኝና «ያላ፣ ትከል!» አሉኝ። ከኋላዬ ወንድ ቆሞ እንደሆነ ብዬ ዞሬ አየሁ። ማንም የለም። የተናገሩት ለእኔ ነበር።

የጋሽ ሙሳ አፍ መፍቻ ቋንቋ በርታ ነው። አማርኛን የተማሩት ገበያ ላይ ነው፤ «ና» እና «ነይ» ለእሳቸው አንድ ናቸው። አምስት ዓመት አብሬያቸው ስሠራ አንድም ቀን በሴት ጠርተውኝ አያውቁም። እኔም አርሜያቸው አላውቅም፤ መጀመሪያ አፍሬ፣ በኋላ ለምጄው።

ስፌት ቤቱ አሶሳ ገበያ ዳር ነው። ሥራው ሦስት ደረጃ አለው። ታች ያለው የእጅ ሥራ ነው፤ ቁልፍ መትከል፣ ጫፍ መዘምዘም፣ በከሰል ካውያ መተኮስ። ከዚያ በላይ ሰፊ አለ፤ መኪና ላይ ይቀመጣል። ከሁሉም በላይ ቆራጭ ነው። መቀስ የሚይዘው እሱ ብቻ ነው። የተሳሳተ ስፌት ይተረተራል፤ የተሳሳተ ቁርጥ ግን ጨርቁን ይዞ ይሄዳል።

እኔ የመጣሁት ከድባጤ ነው። እዚያ ችግር ሲመጣ ሰባተኛ ክፍል ነበርኩ። አክስቴ አሶሳ ስለነበረች እሷ ጋ ተላክሁ፤ ትምህርቱም በዚያው ቀረ። ሰው ፊት መናገር ይጨንቀኛል። መኪና ላይ የምትሠራው ሐዋ ይህን በሁለተኛው ቀን አወቀች። «ስምሽ እመቤት፣ ድምፅሽ የጎረቤት!» አለችኝ። ከዚያ ወዲህ ቀስ ብዬ ባወራሁ ቁጥር «ጎረቤት፣ ምን አልሽ?» ትለኛለች።

በሁለተኛው ዓመት መኪና ላይ ተቀመጥኩ። የትምህርት ቤት ዩኒፎርም ኪስ በቀን ሰላሳ እሰፋ ነበር። በዚያው ዓመት ክረምት ላይ እግሬ ፔዳሉን መርገጥ እምቢ አለ። አልታመመም፤ አላበጠም። ኪሱን መኪናው ሥር አስገብቼ እስከ ምሳ ሰዓት ዝም ብዬ አየዋለሁ። ጠዋት ከአልጋ መነሳት ድንጋይ እንደማንሳት ሆነብኝ። ምግብ ጭቃ ጭቃ አለኝ። አክስቴን «ደበረኝ» አልኳት። «ማን የማይደብረው አለ?» አለችኝ። እውነቷን ነው። አሶሳ መብራት ሲጠፋ ደበረኝ ነው፤ ኔትወርክ ሲጠፋ ደበረኝ ነው።

ሦስት ወር ካለፈ በኋላ አክስቴ ራሷ ሐኪም ቤት ወሰደችኝ። የደም ምርመራ ምንም አላሳየም። ወደ አእምሮ ሕክምና ክፍል ላኩን። ነርሷ ከሌላ ክልል ተመድባ የመጣች ወጣት ነበረች። ብዙ ጠየቀችኝና «ያለብሽ ድብርት ነው» አለች። ያሾፈችብኝ መሰለኝ።

«ሲስተር፣ እኔ አልደበረኝም። ታምሜ ነው» አልኩ።

አልሳቀችም። «ሰው ሲደብረው ጓደኛው ጋ ይሄዳል፤ ዘፈን ይከፍታል። አንቺን ዘፈን መክፈትም ይደክምሻል። ሰው የሚለውና ሕክምና የሚለው ድብርት ስማቸው ነው የገጠመው» አለችኝ። ይህን በነገረችኝ ቀን ግማሽ የዳንኩ ያህል ተሰማኝ። ሰነፍ አልነበርኩም ማለት ነው።

ማታ ማታ የሚዋጥ አሚትሪፕቲሊን የሚባል ክኒን ታዘዘልኝ። ቶሎ እንደማይሠራ ነግራኛለች። ያልጠበቅሁት አፌን ነው። ምራቄ ድርቅ አለ። ሰፊ ክር በመርፌ ቀዳዳ ከማስገባቱ በፊት ጫፉን በከንፈሩ ያርሰዋል፤ ሳያስበው ነው የሚያደርገው። እኔ የማርስበት አጣሁ። ደረቁ ክር ይበተናል፤ አምስቴ ሞክሬ አንዴ ይገባልኛል። በመጨረሻ ትንሽ ስኒ ውሃ ከመኪናዬ አጠገብ አስቀምጬ ክሩን መንከር ጀመርኩ።

እኛ ስፌት ቤት ይህ የሚደረገው በጾም ወር ብቻ ነው። ረመዳን ሲገባ የሁሉም አፍ ስለሚደርቅ ጋሽ ሙሳ ለክር የሚሆን ውሃ መሃል ጠረጴዛው ላይ ያኖራሉ። ሐዋ ስኒዬን ስታይ መኪናዋን አቆመች።

«ጎረቤት! ላንቺ ብቻ ረመዳን ገባልሽ እንዴ?»

ሁሉም ሳቀ። እኔም የሳቅሁ መሰልኩ። ጋሽ ሙሳ ግን አልሳቁም፤ ስኒውን አይተው ወደ ቁርጣቸው ተመለሱ።

እንቅልፉም ነበር። ክኒኑ ማታ ያስተኛኛል፤ ግን እስከ ረፋድ አይለቀኝም። አንድ ጠዋት ካውያውን የአንድ አስተማሪ ነጭ ሸሚዝ ኮሌታ ላይ እንዳስቀመጥኩ አንቀላፋሁ። የቀሰቀሰኝ የሐዋ ጩኸትና የተቃጠለው ጨርቅ ሽታ ነው። ኮሌታውን ፈትቼ ከሸሚዙ ጀርባ ከውስጥ በኩል በተረፈው ጨርቅ ሌላ ሠራሁለት።

ይህን ለሲስተሯ ነገርኳት። «መኪናና ካውያ ላይ እንደምትሠሪ ለምን አልነገርሽኝም?» አለች። አልጠየቀችኝም ነበር፤ እኔም ሳይጠይቁኝ አልናገርም። ከሐኪሙ ጋር ተነጋግራ መድኃኒቱ ወደ ፍሎክሰቲን ተቀየረ። እሱ ጠዋት ከቁርስ በኋላ ነው የሚዋጠው።

የመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት ከባድ ነበሩ። ያቅለሸልሸኛል፤ ጣቴ ይንቀጠቀጣል። ለሌላ ሰው ትንሽ ነገር ነው፤ ለሰፊ ግን ጣት ማለት እንጀራ ነው። ከዚያ ቀስ እያለ ተወኝ። በአምስተኛው ሳምንት ሐዋ ስለ አማቷ ስታወራ ድንገት ሳቅሁ። እውነተኛ ሳቅ ነበር።

«ወየው!» አለች ሐዋ፣ «ይቺ ልጅ ጥርስ አላት!»

ከዚያ በኋላ ሥራዬ ተመለሰ። የዩኒፎርሙ ኪስ በቀን ከሰላሳ አለፈ። በሚቀጥለው ዓመት ጋሽ ሙሳ ጠመኔና መቀስ ሰጡኝ። አክስቴ ቤት ሄጄ በአሮጌ ጋዜጣ እጅጌ ስቆርጥ ዋልኩ። በእኛ ስፌት ቤት ሴት መቀስ ይዛ አታውቅም ነበር። እንዲወስዱብኝ የማልፈልገው አንድ ነገር ቢኖር መቀሱ ነበር።

ክኒኑ የወሰደብኝም ነገር አለ። አንዲት የድባጤ ጎረቤታችን አሶሳ መጥታ ሳለ ሞተች። ልጅ ሆኜ ያዘለችኝ ሴት ናት። ለቅሶው ላይ ሴቶቹ ሲያለቅሱ እኔ እንባ አልመጣልኝም። ማዘኑን አዝኛለሁ፤ ዓይኔ ግን ደረቅ ነው። አንዷ ሴት ለጎኗ «የከተማ ልጅ ሆናለች» ስትል ሰማኋት። ቤት ገብቼ ክኒኑን በክፉ ዓይን አየሁት። ይህንንም ለሲስተሯ መንገር ነበረብኝ። አልነገርኳትም።

ብዙም ሳይቆይ ሁዳዴ ገባ፤ በዚያው ሰሞን ረመዳንም ገባ። ስፌት ቤቱ ውስጥ ቁርስ የሚበላ ጠፋ። እኔ እስከ ዘጠኝ ሰዓት እጾማለሁ፤ ሐዋ እስከ ማታ። ክኒኑ ደግሞ ቁርስ ይፈልጋል። ሁሉም ጾሞ እኔ ውሃ ስጠጣና ክኒን ስውጥ ለመታየት አፈርኩ። ደህና ነኝ፣ ተሽሎኛል አልኩ። ተውኩት። ማንንም አልጠየቅሁም።

ሦስት ሳምንት ምንም አልሆንኩም። በአራተኛው ጨርቁ ጭጋግ መሰለኝ። የኢድ ልብስ ለማድረስ የምንጣደፍበት ጊዜ ነው፤ ትእዛዙ ተከምሯል። አንዲት መምህርት ሳዕዳ የምትባል ደንበኛ ከሱዳን የመጣ አበባ ያለበት ጨርቅ ሰጥታናለች። ጋሽ ሙሳ «ይሄን አንተ ቁረጥ» ብለው ሰጡኝ። እጅጌ ሲቆረጥ ጨርቁ ታጥፎ ነው፤ አንዱ ቀኝ፣ አንዱ ግራ ሆኖ ይወጣል። እኔ ሳላጥፍ አንዱን ቆረጥኩ፤ እሱኑ በቀረው ጨርቅ ላይ አድርጌ በልኩ ሌላውን ቆረጥኩ። ሁለት የግራ እጅጌ ሆነ። ጨርቁ አበባው በአንድ በኩል ብቻ ስለሆነ መገልበጥ አይቻልም።

ጋሽ ሙሳ ሁለቱን ጎን ለጎን ዘረጉ። «ይሄ ግራ። ይሄም ግራ። መምህርት ቀኝ እጅ የለውም እንዴ?»

ቁርጥራጩን መሰብሰብ ጀመርኩ።

«ደዋ ከተውክ ስንት ቀን ሆነህ?» አሉኝ። ደዋ መድኃኒት ማለት ነው።

ለማንም አልነገርኩም ነበር። «እንዴት አወቁ?» አልኩ።

«ጠዋት ከሻይህ ጋር የምትውጠው ነበር። አሁን የለም። እኔ ዓይን አለኝ።»

«ጾም ነው፣ ጋሽ ሙሳ።»

ወደ በሩ አዩ፤ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «እኔ ስኳር አለብኝ። ሐኪም ጾም ከልክሎኛል። ቤት ሄጄ በልቼ ነው የምመጣው። የታመመ ሰው አላህ አያስገድድም፤ የአንተም እንደዚያ ይመስለኛል። ሐዋ ግን አይስማ።»

ሐዋ ከመኪናዋ ቀና ሳትል፣ «ሐዋ ከሰማች ሁለት ዓመቷ ነው» አለች።

ጋሽ ሙሳ እስኪያስላቸው ሳቁ። ይህን እንድጽፍ ራሳቸው ፈቅደውልኛል።

ከዚያ መቀሱን ከእጄ ወሰዱ። «እስክትድን መኪና ላይ። ደዋው ሲሠራ መቀሱ ይመለሳል። ኸላስ፣ አለቀ።» ቃላቸው ደረቅ ነበር፤ ግን «ይመለሳል» ብለዋል።

ከቁርጥራጩ ሁለት ቁራጭ ገጥመው የቀኝ እጅጌ አወጡ። መጋጠሚያው ላይ እኔ ሰማያዊ ጥልፍ ሠራሁበት፤ አንዱ ብቻ እንዳይሆን በሌላውም ደገምኩት። መምህርት ሳዕዳ መጥታ ለካችና እጅጌውን አየች።

«ጥልፍ አላዘዝኩም።»

ጋሽ ሙሳ አፋቸውን ሲከፍቱ ቀደምኳቸው። «ተሳስቼ ቆርጬው ነው፤ ከሥሩ መጋጠሚያ አለ» አልኩ። ሐዋ መኪናዋን አቆመች፤ እኔ ሳልጠየቅ ስናገር ሰምታ አታውቅም።

መምህርቷ ክንዷን ወደ ብርሃኑ ከፍ አደረገች። «ስህተትሽ ከትእዛዜ ያምራል። ሌላ ጊዜ ግን ቀድመሽ ደውይልኝ» አለችና ለብሳው ሄደች።

በማግስቱ ሐኪም ቤት ሄጄ ሁሉንም ተናገርኩ፤ ለቅሶውንም፣ ጾሙንም። ሲስተሯ አልተቆጣችኝም። ክኒኑ እንደገና ተጀመረልኝ፤ መጠኑን ሐኪሙ ዝቅ አደረገው። የንስሐ አባቴንም ጠየቅሁ። «መድኃኒት ነው፤ ከሚያስፈልገው ምግብ ጋር ውሰጂ» አሉኝ። እነዚህን ሁለት ጥያቄዎች ለመጠየቅ ያጠፋሁት ጊዜ አንድ ቀን አይሞላም። ሳልጠይቅ የከረምኩት ወር ሙሉ ነው።

መቀሱ ከሁለት ወር በኋላ ተመለሰልኝ። ጋሽ ሙሳ ጠረጴዛው ላይ አስቀምጠውልኝ ወጡ።

ዛሬም ክኒኑን እወስዳለሁ። ትንሽ ወፍሬያለሁ፤ የራሴን ቀሚስ ሁለቴ አስፍቻለሁ። እንባዬ ቀስ ብሎ ነው የሚመጣው፤ ግን ይመጣል። ጠዋት ተነስቼ ሥራ እሄዳለሁ፤ ለዚህ አመሰግናለሁ።

ለሙያ ባልደረቦቼ የምለው ይህ ነው። መድኃኒት ሲታዘዝላችሁ በምን መሣሪያ እንደምትሠሩ ለሐኪሙ ንገሩ። ሥራችሁን ከነካ ተመልሳችሁ ተናገሩ፤ ሌላ ዓይነት አለ። ሲሻላችሁ ደግሞ ሳትጠይቁ አታቁሙ።