በጅብ አፍ ውስጥ ያለው ፊት

ሱቄ ውስጥ ከጀበናዎቹ በላይ፣ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሬ ያስቀመጥሁት አንድ ሸክላ አለ። አልሸጠውም። የተሰነጠቀ ምጣድ «ለቆሎ ይሆንሻል» ብዬ የሸጥሁ ሰው ነኝ፤ ይህን ግን አልሸጠውም።

ነገሩ የመጣው በልጄ ስልክ ነው። ከዩኒቨርሲቲ ለእረፍት እንጅባራ መጥታ፣ የሜክሲኮ ጥንታውያን የሠሩትን ሸክላ አሳየችኝ። ወለል ብሎ የተከፈተ የነብር አፍ ነው፤ ከጥርሶቹ መካከል የሰው ፊት ብቅ ብሎ ያያል።

«እየበላው ነው?» አልኋት።

«አይ አባዬ፣ ራሱ ነው። ሰውም አውሬም ይሆናል የሚባል ሰው። ይከበር ነበር አሉ።»

እኔ የታየኝ የሆቴል መደርደሪያ ነው። የዘንገናን ሐይቅ ሊያይ የሚመጣ እንግዳ ጀበና አይሸከምም፤ ይህን ግን ይወስዳል።

በማግስቱ ከከተማው ወጣ ብላ ወደምትኖረው ሸክላ ሠሪ ሄድሁ። ሃያ ዓመት ጀበና የወሰድሁባት ሴት ናት። በዕድሜ ትበልጠኛለች፤ ግን እኔ አንቺ እላታለሁ፣ እሷ እርስዎ ትለኛለች፤ ሠፈሩ እንዲህ ነው ያደላደለን። ሥዕሉን በስልክ አሳይቼ እንዲህ ያለ እንድትሠራልኝ ጠየቅኋት፤ ብዙ አየችው።

«ይህን የሠራችው ሴት ጎረቤት አልነበራትም?» አለች።

«ምን ማለትሽ ነው?»

«እኔን ሳልሠራው እንኳ ጅብ ትሆናለች ይሉኛል፣ ጌታው። ከምንጩ ከልክለውኝ ከርመው ገና አሁን ነው የፈቀዱልኝ። ዳግመኛ ቢከለክሉኝ ውኃ ከየት አመጣለሁ? ጭቃውንስ በምን አቦካለሁ?»

ሳቅሁባት። «ማን ያያል? በገለባ ጠቅልዬ እወስደዋለሁ። ከጠየቁሽም እኔ ነኝ ያዘዝሁት እላቸዋለሁ።»

ሥዕሉን ደግማ አየችና፣ «ነብር አላውቅም፤ ጅብ ይሁን» አለች። «እሱን እንደሆነ በደንብ አስጠንተውኛል።»

ከሳምንት በኋላ ጭቃው ሳይደርቅ አየሁት። ጅቡ ጅብ ነው። በአፉ ውስጥ ያለው ሰው ዓይን አለው፣ አፍንጫ አለው፤ አፍ የለውም። «አፉን ነገ እቀድለታለሁ» አለችኝ።

ሸክላ የሚቃጠለው ሜዳ ላይ ነው። ይህን ሃያ ዓመት አውቀዋለሁ፤ ያን ጊዜ ግን ረሳሁት፣ ወይም መርሳቱ ተስማማኝ። ቅዳሜ ጠዋት፣ ገበያተኛው በሚያልፍበት መንገድ ዳር፣ ኩበቱ ነድዶ አመዱ ሲገለጥ የጅቡ አፍ ከጀበናዎቹ መካከል ቀልቶ ወጣ። ሰው ቆመ። አንዲት እናት ያዘለችውን ልጅ በነጠላዋ ሸፈነች።

«የራሷን መልክ እኮ ነው የሠራችው!» አለ አንዱ።

ሌላው፣ «ማን አዘዘሽ?» አላት።

እሷ ወደ እኔ አየች። እኔ አጎንብሼ ጀበናዎቹን በጣቴ አንኳኳ ነበር፤ የተሰነጠቀ ካለ ድምፁ ይናገራል።

«እኔ የመጣሁት ለጀበና ነው» አልሁ።

በዚያው ሳምንት ከምንጩ ከለከሏት። ቤቷን ዘግታ ስትሄድ ሸክላውን በገለባ ጠቅልላ ሱቄ በር ላይ ትታልኝ ነበር። ጫግኒ ወረደች አሉኝ፤ ሁለት ጊዜ ወርጄ ገበያውን ዞርሁ። አላገኘኋትም።

አፉን አልቀደደችለትም።

ሚስቴ ስበረው ትለኛለች። አንድ ቀን ልሰብረው አነሳሁት፤ ከመጣሌ በፊት ግን እንደ ልማዴ በጣቴ አንኳኳሁት። ጥርት ያለ ድምፅ ሰጠኝ። አንድም ስንጥቅ የለበትም።

ወደ ቦታው መለስሁት፤ ፊቱን ወደ ግድግዳ።