ለሞግዚቴ መጠይቅ የሞላሁ ቀን

እኔ ነገር ሳላጣራ እንቅልፍ አይወስደኝም። ጎንደር ቆላ፣ ሸሕዲ ከተማ ለሥራ ተመድቤ ስመጣ መጀመሪያ የገረመኝ የቀን ሠራተኛ ዋጋ ሰኞ ሌላ፣ ሐሙስ ሌላ መሆኑ ነው። ለምን ብዬ ስጠይቅ ሁሉም «ሰሊጥ ነዋ!» ይለኛል። ሰሊጥ መሆኑንማ አየሁ፤ ዋጋውን ማን ነው የሚቆርጠው? ይህ ጥያቄ አልለቅ ብሎኝ ጎንደር የቅዳሜና እሁድ ሁለተኛ ዲግሪ ጀመርሁ። የመመረቂያ ጽሑፌን የምሠራበት ዓመት ሲደርስ ልጄ መዳህ ጀምራለች። አባቷ ሥራው አዲስ አበባ ስለሆነ በስልክ «በርቺ» ይለኛል። «በርቺ» ማለት ደግሞ ካርድ ብቻ ነው የሚፈጅ።

በነሐሴ ቁጭ ብዬ የዓመቱን በጀት ሠራሁ። የሸሕዲው ቤት ኪራይ አለ፤ ጎንደር ስማር የማድርባት ክፍል ኪራይ አለ፤ ከአራስነቴ ጀምራ ልጄን የያዘችልኝ ሞግዚት ደሞዝ አለ፤ ሚኒባሱና ወተቱም አለ። ደሞዜ ተሸራርፎ ተሸራርፎ ልክ ወጣ፤ እንዲያውም ለፎቶ ኮፒ ተረፈኝ። ኢኮኖሚክስ ተምሬ የለ፣ ኮራሁ።

ያልገባኝ ነገር፣ ሸሕዲ በነሐሴ ጭር ያለች ከተማ ናት፤ ኪራይ የሚረክሰው ለዚያ ነው። ጥቅምት ሲገባ ሠራተኛው ከጋይንቱም ከጎጃሙም በአይሱዙ ይራገፋል፣ ነጋዴው ከነደላላው ይገባል፣ እቃ ቤት የነበረው ሁሉ አልጋ ይዘረጋበታል። አከራዬ ደግ ሰው ናቸው። በር ላይ ቆመው ጎረቤታቸው ለአንዲት ክፍል ስንት እንደሚቀበል አወሩኝና ሄዱ። ጨምሪ አላሉኝም። እኔም በሚቀጥለው ቀን ጨምሬ ከፈልሁ። የደጋ ሰው ሆኜ ነው እንጂ የቆላ ሰው በነሐሴ ዋጋ የዓመት በጀት አይሠራም።

በዚያው ሳምንት ሞግዚቷ ልጄን እያበላች፣ ቀና ሳትል፣ ለአንድ ወር ኮኪት ሰሊጥ እርሻ ለአጨዳ እንደምትወርድ ነገረችኝ። በአጨዳ አንድ ወር የምታገኘው እኔ በብዙ ወር ከምከፍላት ይበልጣል። አውቃለሁ፤ የማጠናው እሱን አይደል? ግን ተናደድሁ። ይሉኝታ የሌላት፣ ውለታ የማታውቅ አልኋት። ብፈልጋት ወሩ ሲያልቅ እንደምትመለስ ነግራኝ ልብሷን ቋጥራ ወጣች።

የተናደድሁት ስለፈራሁ ነው። መጠይቄ የሚሞላው አጨዳ ላይ ነው። ሰሊጥ ከደረሰ ሰው አይጠብቅም፤ ፍሬው ይረግፋል። አጨዳው ካለፈኝ አማካሪዬ የሚለኝ «ለከርሞ» ነው፤ ለከርሞ ደግሞ የሁለት ቤት ኪራይ የምከፍልበት አቅም የለኝም። ትምህርቱ እዚያ ላይ ያበቃል ማለት ነው። ልጅ የሚይዝልኝ ፍለጋ ጎረቤቱን ሁሉ ዞርሁ። ሻይ ሻጯ እንኳን ለሠራተኞች ልታበስል ቤቷን ዘግታ ወርዳለች። ዋጋውን ማን እንደሚቆርጠው ስፈልግ ኖሬ፣ ዋጋው እኔው ቤት ድረስ መጥቶ ሰው ወሰደብኝ። ከንዴቴ ጋር ይህም ገርሞኛል፤ ውሸት ምን ያደርጋል።

ምን ላድርግ፣ ልጄን አዝዬ፣ መጠይቁን በፌስታል ይዤ ኮኪት ወረድሁ። የሠራተኞቹ አለቃ፣ ካቦው፣ ከነልጄ ሲያየኝ ለአጨዳ የመጣሁ መስሎት፣ «ታዲያ ልጁን ማን ሊይዝልሽ ነው?» አለኝ። እሱን ባውቅማ ምን አመጣኝ!

ሠራተኞቹ ለምሳ አርፈው በትራክተሩ ተሳቢ ጥላ ተደርድረዋል። አማካሪዬ በደንብ አስጠንቅቆኛል፤ ከሰልፉ እየቆጠርሁ በየአምስት ሰው አንዱን ነው የምጠይቀው፤ የሚያሳዝነኝን መምረጥ፣ የማልወደውን መዝለል የለም። ሦስት ሰው ጠየቅሁ። አራተኛው ተራ ስቆጥር ያረፈው ሞግዚቷ ላይ ነው። ፊቷ በፀሐይ ጠቁሯል፣ ጣቶቿ በጨርቅ ተጠቅልለዋል። ልዝለላት ብዬ ነበር። ልጄ ግን ከጀርባዬ እጇን ዘረጋችላት፤ እሷም ተቀብላ ጭኗ ላይ አስቀመጠቻት። እንደዚያው ሆነን ጀመርን።

መጠይቁ የተጻፈው በአክብሮት ነውና፣ መልሱ ለማንም አይወጣም ከሚለው ጀምሬ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ «እርስዎ» እያልሁ አነበብሁላት። ሳቋ መጣ። የትውልድ ቦታዋን፣ ዕድሜዋን ሞላሁ። በገቢዋ የሚተዳደር ልጅ እንዳለ የሚጠይቀው ጋ ስንደርስ መልሱን የማውቀው መስሎኝ እስኪብርቶዬ «የለም» ላይ ደርሶ ነበር።

«የምነግርዎ ለማንም አይወጣም ብለው የለ?» አለችኝ።

አዎ አልኋት።

«አንድ ወንድ አለኝ። አራት ዓመቱ ነው። ጋይንት እናቴ ዘንድ ነው ያለ።»

ሥራ ያስገባት ደላላ ልጅ ያላት ሞግዚት የሚቀጥር የለም ብሏት ነው የደበቀችኝ። ሸሕዲ ከመጣች ሁለት ዓመቷ ነው፤ ልጁን አንድ ጊዜ ብቻ ሄዳ አይታዋለች። አሁን የእናቷ ዓይን እየደከመ ነው። በአጨዳው ገንዘብ ክፍል ተከራይታ ልታመጣው ነው ሐሳቧ። የምትከራየው ደግሞ ጥር ላይ ነው፤ ነጋዴው ወጥቶ ኪራይ ሲወርድ። ከእኔ በጀት የእሷ ይሻላል። አንዲት ቀዳዳ ብቻ አለችው፤ እሷ የእኔን ልጅ ስትይዝ የእሷን ለሚይዝላት ሰው የምትከፍለው፣ ከእኔ የምታገኘውን ጠርጎ ሊወስደው ነው። መጠየቅ የማልጠግበው ሴትዮ፣ ዓመት ሙሉ ቤቴ ውስጥ ስትኖር ይህን አልጠየቅኋትም።

አፈርሁ። ያፈረ ሰው ደግሞ መሰሉን ይፈልጋል። ጎንደር ያለችውን ክፍል የተከራየሁት እኔም ልጅ የለኝም ብዬ እንደሆነ ነገርኋት። አከራይዋ የልጅ ለቅሶ አይወዱም፤ ልጄን አንድም ቀን ይዣት ያልሄድሁት ለዚያ ነው። ላጽናናት ብዬ ነው የነገርኋት።

ከልጄ ፀጉር ላይ የሰሊጥ ገለባ እየለቀመች ሰማችኝ።

«የእርስዎ እኮ ለሁለት ሌሊት ነው» አለች።

ወረቀቱ ላይ «አንድ» ብዬ ጻፍሁ። ከዚያ አጨዳው ሲያልቅ ልጁን ይዛው እንድትመጣ፣ እኔው ቤት እንደሚኖር ነገርኋት። አመሰግናለሁ የምትል፣ ምናልባትም የምታለቅስ መስሎኝ ነበር። እሷ ግን ልጄን ጭኗ ላይ አስተካከለችና፣

«ከደሞዜ ስንት ይቀነሳል?» አለችኝ።

ምንም አይቀነስም አልኋት። አሁን ሳስታውሰው የሚያሳፍረኝ ግን፣ እሷ አፏን ስትከፍት እኔም በልቤ እሱኑ ማስላት ጀምሬ ነበር።