ለሁሉም የመረጡት ጋሼ ጀማነህ

ጋሼ ጀማነህ የአሜሪካ ዜጋ በሆኑባቸው አሥራ ስምንት ዓመታት ፊት የነሱት እጩ የለም። በራቸውን ያንኳኳ ሁሉ፣ የየትኛውም ፓርቲ ይሁን፣ "ላንተ ነው የምመርጠው" ተብሎ በፈገግታ ይሸኛል። ከምርጫው በኋላም ያሸነፈውንም የተሸነፈውንም "ላንተ ነው የመረጥኩት" ይሉታል። በር ድረስ የመጣን ሰው እንዴት ያሳፍሩት? ውሸት ነው ካላችሁ አልከራከርም፤ ክፋት ግን የለበትም። ኦሃዮ ውስጥ፣ ኦቤትስ በሚባል ቦታ መጋዘን ውስጥ ዕቃ ማንሻ ፎርክሊፍት የሚነዱ፣ ሊንደን የሚባል ሰፈር ጫፍ ላይ ቤት የገዙ፣ ከሰው ተጣልተው የማያውቁ ሰው ናቸው። አሜሪካ ካሏት ነገሮች ሁሉ አብልጠው የሚወዱትም ድምፅ ምስጢር መሆኑን ነው።

ታዲያ ፖለቲከኞችና ፍርድ ቤት ሲጨቃጨቁ ከርመው የምርጫ ወረዳዎቹ ካርታ እንደገና ተሰመረ፤ ለተወሰኑ የኦሃዮ ምክር ቤት ወንበሮችም ልዩ ምርጫ ታዘዘ። መስመሩን ያሰመረው ሰው ያን ቀን ምን እንደበላ አላውቅም። መስመሩ ከሚነርቫ ፓርክ በታች ክሊቭላንድ አቬኑን ይዞ ወረደ፣ ጎማ ቤቱን ዞረ፣ መቃብሩን ታከከና ተመለሰ። በመጨረሻ አንዲት ቁራጭ ተረፈች፤ ጎማ ቤት፣ ላውንድሪ፣ መቃብርና ሦስት መኖሪያ ቤቶች፤ አንዱ የጋሼ ጀማነህ። ይህች ቁራጭ ራሷን የቻለች የምርጫ ጣቢያ ሆነች።

አንድ ጠዋት የጋሼ ጀማነህ መኪና አልነሳ አለና ከመንገዱ ማዶ፣ ከቁራጯ ጣቢያ ውጭ የሚኖረው ሊዮን ከራሱ መኪና በኬብል ባትሪዋን ጃምፕ አደረገላቸው። ሊዮን በረዷቸውን ሳይለምኑት የሚጠርግ ደግ ጎረቤት ነው። ኬብሉን እየጠቀለለ ለምክር ቤቱ ወንበር እንደሚወዳደር ነገራቸው።

"ላንተ ነው የምመርጠው!" አሉት።

ከሰዓት በኋላ ደግሞ ጠበቃዋ ሮሃ መጣች፤ የልብ ወዳጃቸው የወልደየሱስ ልጅ። እሷም ለዚያው ወንበር ልትወዳደር ነው።

"ላንቺ ነው የምመርጠው፣ የኔ ልጅ!"

ሮሃ ታብሌቷን እያሳየች ሳቀች። "ጋሼ፣ ዚስ ኢዝ ክሬዚ! በዚህ ፕሪሲንክት፣ በዚህ ምርጫ ጣቢያ ሬጂስተር ያደረጉት እርስዎ ብቻ ነዎት። ሪዘልቱ ደግሞ በየፕሪሲንክቱ ፖስት ይደረጋል። የእርስዎን ቮት ለብቻው አየዋለሁ ማለት ነው!"

ጋሼ ጀማነህ ፈገግ እንዳሉ ደርቀው ቀሩ።

ሮሃ እንደወጣች ወደ ባለቤታቸው ወደ እትዬ አፀደ ዞሩ። "ሲቲዝንሺፑን መቼ ነው የምትጨርሺው?"

"አፕላይ ላድርግ ስልህ 'ምን ያስቸኩልሻል' ያልከኝ ማነው?"

ቤዝመንቱን የተከራየው ቢሩክ ዲቪ ደርሶት ከመጣ ገና ሰባት ወሩ ነው፤ አይመርጥም። አንደኛው ቤት ባዶ ነው። መቃብሩ ውስጥ ሰው ሞልቷል፤ ለዚህ ግን አይረዱም። የቀረው ጎረቤታቸው ቶሚ ነው። ቶሚ በሰባ ስምንት ዓመቱ አንድም ቀን መርጦ አያውቅም፤ ይኮራበታልም። ጋሼ ጀማነህ ሦስት ቀን ሙሉ ሳምቡሳ አመላለሱለት፤ ምዝገባው ሊዘጋ አንድ ቀን ሲቀረው ፈረመ።

ዘዴው ቀላል ነበር። ቶሚ ለአንዱ ይመርጣል፣ እሳቸው ለሌላው። ውጤቱ አንድ ለአንድ ይወጣል፤ ሊዮንም ሮሃም "ያቺ አንዷ የጋሼ ናት" ብለው ደስ ይላቸዋል። የቀረው ቶሚ ማንን እንደሚመርጥ ማወቅ ብቻ ነው።

ቶሚ ግን አዲስ ሃይማኖት እንደያዘ ሰው ሆኗል። ከምርጫ ቢሮ የተላከለትን መጽሔት ከዳር እስከ ዳር አንብቦታል። "ጄማ፣" አላቸው ተቆጥቶ፣ "የሰው ድምፅ ምስጢር ነው። እንዴት ትጠይቀኛለህ?"

የምርጫው ቀን አራት አስመራጮች አንድ የቤተ ክርስቲያን አዳራሽ ውስጥ "መርጫለሁ" የሚል አምስት መቶ ስቲከር ይዘው ሁለት ሰው ሲጠብቁ ዋሉ። ቶሚ በሩ ሲከፈት በከረባት መጥቶ መርጧል። ጋሼ ጀማነህ ከሥራ ወጥተው ሲደርሱ አስመራጮቹ ብድግ ብለው አጨበጨቡ። በቀጥታ ወደ ጠረጴዛው ሊያልፉ ሲሉ ግን አንዷ፣ "እባክዎ ወረፋዎን ይጠብቁ፣ በገመዱ በኩል" አለቻቸው። የወረፋውን ገመድ ጠመዝማዛ ብቻቸውን ዞሩት።

ወረቀቱ ላይ ሦስት ስም አለ፤ ሊዮን፣ ሮሃና አንዲት ማንም አይቷት የማያውቅ ሴትዮ። የቶሚን ምርጫ ስለማያውቁ ማስላት አልቻሉም። ያን ጊዜ ነው ለመጀመሪያ ጊዜ "ቆይ፣ እኔ ራሴ ማንን ነው የምፈልገው?" ያሉት። ከዚያ በፊት ከስሞቹ ጎን እጃቸው የመራቸውን ክብ አጥቁረው ይወጡ ነበር። አሁን ግን ሮሃ ትዝ አለቻቸው፤ የዘጠኝ ዓመት ልጅ ሆና፣ ሶፋቸው ላይ እግሯ መሬት ሳይደርስ፣ የዜግነት ፈተናውን መቶ ጥያቄዎች ስታስጠናቸው። ሲሳሳቱ "ኖ ጋሼ፣ አጌን!" ትላቸው ነበር። ፈተናውን ሲያልፉ ከሁሉም በላይ የዘለለችው እሷ ናት። ዓይናቸው እንባ አቀረረ፤ የሮሃን ክብ ጥቅጥቅ አድርገው አጠቆሩት።

በማግስቱ ውጤቱ ወጣ። ወንበሩን ያቺ ማንም ያላያት ሴትዮ ወሰደችው። በዚያች ቁራጭ ጣቢያ ግን ሊዮን አንድ፣ ሮሃ አንድ።

ሊዮን መንገዱን ተሻግሮ አቀፋቸው። "ያቺ አንዷ ያንተ ናት፣ አውቃለሁ። ቶሚማ አጥሩን በበረዶ ማሽኔ ከገጨሁበት ጀምሮ አኩርፎኛል።"

"ላንተ ነው የመረጥኩት" አሉት፤ አፋቸው ለምዶት።

ቅዳሜ ሮሃ ከግቢያቸው ሣር ላይ፣ ከሊዮን የምርጫ ቅስቀሳ ሰሌዳ ጎን የተተከለውን የራሷን ልትነቅል መጣች። ጋሼ ጀማነህ ሮጠው ወጡ።

"ሮሃ! ላንቺ ነው የመረጥኩት!"

ሮሃ ፈገግ አለች። ያችን ፈገግታ ያውቋታል። አሥራ ስምንት ዓመት በየእጩው ፊት ላይ አይተዋታል፤ ደስታ ትመስላቸው ነበር።

"ጋሼ፣ ኢትስ ኦኬ። ለሁሉም እንደዚያ እንደሚሉ ዳድ ነግሮኛል።"

"የዛሬው እውነት ነው! አባትሽ ወልደየሱስ ይሙት!"

"እንደሱ ብለው እንደሚምሉም ነግሮኛል" አለችና ጉንጫቸውን ስማ ወደ መኪናዋ ሄደች።

ጋሼ ጀማነህ ዞር ሲሉ ቶሚ ስቲከሩን ደረቱ ላይ እንደለጠፈ በረንዳው ላይ ተቀምጧል።

"ቶሚ! ለሊዮን የመረጥከው አንተ መሆንህን ንገራት! ሳትሄድ ንገራት!"

ቶሚ ረጋ ብሎ አያቸውና ጣቱን ከንፈሩ ላይ አደረገ።