ጉንዳን ላይ ጋዝ ያፈሰስኩ ቀን

አረጋሽን ጂንካ ውስጥ እንግዳ ይዞ የሚወርድ ሁሉ ያውቃታል። ቱርሚም ሆነ ማጎ ድንኳን ስንተክል ምግብ የምታበስልልን እሷ ነበረች። የአሪ ገበሬ ልጅ ናት፤ ቁጥብ፣ ሥራዋ የማይነቀፍ፣ በማንም ቁጣ የማትደናገጥ። እኔ ሾፌሩ ተሰማ ደግሞ አፌ አያርፍም። በ2007 ዓ.ም. የሰባት ወር ልጇን ኢየሩስን አዝላ መኪናዬ ውስጥ ስትገባ፣ ሥራ ነው ወይስ የአራስ ጥየቃ ብዬ አሽሟጠጥኳት። እሷ ልጇን ማጥባት ጀመረች።

ማጎ በገባን ማግስት ቀን ላይ ዝናብ ጣለ። እንዳባራ ጉንዳን ከጫካው ወጣ። ወርዱ ክንድ የሚያህል ጥቁር ሰልፍ ወደ ማብሰያው ድንኳን ቀጥ ብሎ መጣ። ይዘናቸው የወረድነው ሁለት ፈረንጆች ወንበር ላይ ወጥተው ቆሙ። አረጋሽ ግን ምንም አልመሰላትም። ምግቡን አወጣች፣ ልጇን ከሰልፉ አርቃ ዛፍ ሥር ሰሌን ላይ አስተኛችና ተቀመጡ አለችን። በአሪዎች ዘንድ ጉንዳን ሲመጣ ቤት ይለቀቅለታል፤ ትኋኑን፣ በረሮውን፣ ጊንጡን ጠራርጎ በልቶ በራሱ ጊዜ ይወጣል። እንዳልነካው አስጠነቀቀችኝ፤ መንገዱ ከተዘጋበት ይበተናል አለች።

እኔ ግን አፈርኩ። ለጉንዳን ቤታችንን እንለቃለን ተብሎ ለእንግዳ ይነገራል? አረጋሽ ውኃ ልትቀዳ ወንዝ ስትወርድ ጠብቄ፣ ነጭ ጋዙን አንስቼ ከሰልፉ ፊት አፈሰስኩት። ፈረንጆቹ አጨበጨቡልኝ። እውነቱን ልናገር፣ በጣም ደስ አለኝ።

ልጅቷ ጮኸች።

ዞር ስል ሰሌኑ በተበተነው ጉንዳን ጠቁሯል። እግሬ ከመሬት አልላቀቅ አለኝ። በሕይወቴ እንዲያ ደንግጬ አላውቅም፤ የአባቴን ሞት ስሰማ እንኳ እንዲያ አልሆንኩም። አረጋሽ ከወንዙ እንዴት እንደደረሰች አላየሁም። ጉንዳኑን ረግጣ ገባች፣ ልጇን አነሳች፣ የልጅቷን ልብስ ቦጭቃ ጣለችና ዕቃ ማጠቢያው ሳፋ ውስጥ ነከረቻት። አፏን፣ ጆሮዋን፣ ዓይኗን በጣቷ ጠረገችላት። ጉንዳን ሲጎትቱት ገላው ይበጠስና ጭንቅላቱ ቆዳ ነክሶ ይቀራል። አንድ በአንድ ነቀለችው። የራሷ እግር ደም በደም ሆኗል፤ ዝቅ ብላም አላየችው።

የልጅቷ ለቅሶ ድንገት ሲቆም ሞተች ብዬ ተንበረከክሁ። ጡት ይዛ ኖሯል።

አረጋሽ ያኔ ቀና ብላ አየችኝ።

«ጉንዳኖቹ መንገዳቸውን ይዘው ነበር፣ ተሰማ» አለች።

ዛሬ ኢየሩስ አሥር ዓመት አልፏታል። ጂንካ ገበያ ስታገኘኝ ሮጣ እጄን ትይዛለች፤ አጎቴ ትለኛለች። አንድ ቀን ግንባሯ ላይ ያሉትን ጠባሳዎች ሳይ ጊዜ፣ ሕፃን ሳለች ኩፍኝ ይዟት እንደነበር አጫወተችኝ። እናቷ እንዲያ ብላ ነግራታለች።