በስመኝ ፈንታ የመለስሁባቸው ምሽቶች

ልጅ ሳለሁ እኛ ቤት ተረት የሚነገረው ቀርከሃ እየተሰነጠቀ ነበር። የእናቴ አባት አባባ ቢተው እጃቸው ሥራ ካልያዘ አፋቸው የማይፈታ ሰው ነበሩ። ስለዚህ ከእራት በፊት እሳቱ አጠገብ ተቀምጠው ለጎተራ መሥሪያ የሚሆነውን ቀርከሃ በቢላዋ ሲሰነጥቁ፣ እኛ ልጆች ከምድጃው ማዶ ተደርድረን እንጠብቃቸው ነበር። ቤታችን ጥርባ ነው፣ ከዘንገና ሐይቅ ብዙም የማይርቅ፣ ጭጋግ የማይጠፋበት ቦታ። ያኔ ኩራዝ የሚለኮሰው እራት ሲቀርብ ብቻ ስለነበር የሰው ፊት የምናየው በፍሙ ብርሃን ነው፤ የእርጥብ ቀርከሃ ፍርፋሪ እሳት ውስጥ ሲወድቅ ደግሞ ጢሱ ዓይናችንን ይቆጠቁጠን ነበር። ይህን ስጽፍ ያልሆነ ነገር እንዳልጨምር እየተጠነቀቅሁ ነው። ያም ሆኖ የተረቱን ቃላት በትክክል አስታውሳለሁ ማለት አልችልም፤ የማልረሳው በተረቱ መካከል የነበረውን ዝምታ ነው።

እኔ ስድስት ዓመት ሲሆነኝ እህቴ ስመኝ ተወለደች። ሰውነቷ እንደ ረጠበ ጨርቅ ልል ነበር፤ ጡት መሳብ እንኳ ያደክማት ነበር። ዓይኖቿ ወደ ዳርና ወደ ላይ ቀና ያሉ ናቸው፤ ጣቶቿ አጫጭር፣ ምላሷም ከከንፈሯ ብቅ የሚል። የጎረቤት ሕፃን በዓመቱ ድክ ድክ ሲል እሷ ያለ ድጋፍ የቆመችው ሦስት ዓመት ካለፋት በኋላ ነው። ጎረቤታችን እትዬ የሺ «ዓይን በልቷት ነው» አሉ፤ ሌሎች እናቴ በእርግዝናዋ ጊዜ ያየችውን አንድ ነገር ፈልገው አመካኙ። እናቴ ጠበል ወሰደቻት፤ ሁለቱም ታጥበውና በብርድ ተኮራምተው ተመለሱ። ትልቅ ከሆንሁ በኋላ ዳንግላ ክሊኒክ የሚሠራ አንድ ድሬሰር፣ ይህ አብሯት የተፈጠረ ነገር መሆኑን፣ የማንም ጥፋት አለመሆኑን፣ እንዲህ ያሉ ልጆች በየአገሩ እንደሚወለዱና ጊዜ ከተሰጣቸው እንደሚማሩ ነግሮኛል። ያኔ ግን ይህን የሚነግረን ሰው አልነበረም።

ያኔ የነበረው ድካም ነው። ስመኝን አንድ ጣሳ አጥሚት አጠጥቶ ለመጨረስ እናቴ ግማሽ ረፋዷን ትሰጥ ነበር፤ ግማሹ አጥሚት በአገጯ ይወርዳል፤ እናቴም ትጠርጋለች፣ እንደገና ትሞክራለች። አባቴ እርሻ ውሎ ሲገባ ልጅቱን አቅፎ ይቀመጥና ሳይናገር እንቅልፍ ይወስደዋል። እናቴ ከትምህርት ቤት ስመለስ «ያዝልኝ ልጄ፣ ወገቤ አለቀ» ትለኝና ስመኝን ታሳዝለኛለች። እኔም ይደክመኝ ነበር፤ ግን ከእኔ የበለጠ የደከመ ሰው ፊት ለፊቴ ስላለ አልናገርም።

አባባ ተረት ሲያወሩ አንድ ሥርዓት ነበራቸው፤ ሥርዓቱን ያመጡት ከቀርከሃ ጫካ ነው። በእኛ አገር ቀርከሃ ቆራጮች ጠዋት ጭጋግ ውስጥ ሲገቡ አንዱ ሌላውን አያየውም። ስለዚህ ገጀራ ከመነሳቱ በፊት አንድ ሰው «አላችሁ?» ብሎ ይጣራል፣ ከዚያም እያንዳንዱን በስሙ ይጠይቃል፤ እያንዳንዱም ካለበት ሆኖ «አለሁ» ይላል። አንዱ እንኳ ካልመለሰ ማንም አይቆርጥም፤ የሚወድቀው ቀርከሃ ማን ላይ እንደሚያርፍ አይታወቅማ። አባባም ተረቱ መሞቅ ሲጀምር ድንገት ቢላዋቸውን ያቆሙና በየስማችን ይጠሩናል። «ሙላት፣ አለህ?» ይላሉ የእትዬ የሺን ልጅ። «አለሁ!» ይላል። የሙላትን ሁለት ታናናሾች ይጠይቃሉ፣ ከዚያ እኔን፤ «ደሳለኝ፣ አለህ?» «አለሁ።» መጨረሻ ላይ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «ስመኝ፣ አለሽ?» ይላሉ።

ስመኝ ያኔ አራት ዓመቷ ነበር። ከእኔ ጭን ላይ ነው የምትቀመጠው። መጀመሪያ ሰሞን መልሷ የተቀመጥንበትን አጎዛ በመዳፏ መምታት ነበር፤ አባባም «እሺ፣ አለች» ብለው ይቀጥላሉ። ከክረምቱ አጋማሽ ጀምሮ ግን መዳፏን አልቀበል አሉ። አፏን እያዩ ይጠብቃሉ። እሷም አጎዛውን ትመታለች፣ ትስቃለች፣ ከዚያ ከንፈሯን ታንቀሳቅሳለች፤ አንዳንዴ «አ» ትላለች፣ ክረምቱ ሲወጣ ደግሞ «አ…ሁ» ማለት ቻለች። ከዚያ በፊት ቃል የሚባል ነገር ከአፏ ወጥቶ አያውቅም። እናቴ በመጀመሪያው ቀን ከጓዳ ሮጣ ወጥታ «ምን አለች? ምን አለች?» ስትል፣ አባባ ቀና ሳይሉ «አለሁ አለች። አንቺ ደግሞ ተረቴን አታቋርጪብኝ» አሏት።

ቃሏ ግን በጣም ዘግይቶ ነበር የሚመጣው። የዚያን ዘመን ተረታችን፣ ጅብ ሠርግ ተጠርቶ ፈረስ የተዋሰበት ነው። ጅቡ እንግዳ ሆኖ በክብር መድረስ ይፈልጋል፤ ነገር ግን የተቀመጠበት ፈረስ ሥጋው ይሸተዋል። በየወንዙ ወርዶ አፉን ውሃ ውስጥ ይነክርና «አንተ አፍ፣ እባክህ ሠርጉ ቤት እስክንደርስ ታገሠኝ» እያለ ይለምነዋል። አባባ ይህን ተረት በየምሽቱ ቆርሰው ቆርሰው ነው የሚሰጡን። እኛም ፈረሱ ይበላ ይሆን እያልን ልባችን በተንጠለጠለበት ሰዓት ነው «ስመኝ፣ አለሽ?» የሚባለው። ያኔ ሁሉም ያቃስታል። አንድ ምሽት ሙላት «እሷን ስንጠብቅ ጅቡ በእርጅና ይሞታል!» አለ። ልጆቹ ሳቁ። እኔም ሳቅሁ። ስመኝም ሁሉም ሲስቅ አይታ ሳቀች።

ከጥቂት ቀን በኋላ ሙላት ደጅ ላይ ያዘኝና «ከነገ ጀምሮ ከእህትህ ጋር ሁለታችሁ ስሙ፤ እኛ አንመጣም» አለኝ። ያ ነገር ለምን እንደዚያ እንዳስፈራኝ ዛሬም አላውቅም። እነሱ ከቀሩ ሰው ቤታችን አይመጣም ብዬ ይሆናል፤ ወይም እናቴ ለምን እንደቀሩ ትጠይቀኛለች ብዬ። ብቻ በማግስቱ አባባ «ስመኝ፣ አለሽ?» ሲሉ፣ አገጬን አናቷ ላይ አሳርፌ፣ ድምፄን አቅጥኜ «አ…ሁ» አልሁ። አባባ በአንድ ጆሯቸው ደህና አይሰሙም፤ ዓይናቸውም ቢላዋቸው ላይ ነበር። «ጅቡም…» ብለው ቀጠሉ። ሙላት በጨለማው ጎኔን ጎሸመኝና «ጎበዝ!» አለኝ።

እንዲህ እያደረግሁ አሥራ ዘጠኝ ምሽት አሳለፍሁ። ስመኝ በመጀመሪያዎቹ ቀናት አፏን ከፍታ ሳትጨርስ እቀድማት ነበር። ከዚያ ቀና ብላ አፌን ማየት ጀመረች። በመጨረሻ ከንፈሯን ማንቀሳቀስ ተወች፤ ጭኔ ላይ ተደላድላ ተቀምጣ፣ ጥያቄው ሲመጣ እኔ እስክናገር ትጠብቃለች። እኔ ይህንን ዕረፍት ነው ብዬ ቆጠርሁት። ለእሷም፣ ለሁላችንም።

ከዚያ አባቴ ማረሻ ለመግዛት ዳንግላ ሲሄድ ይዞኝ ሄደ። ሦስት ምሽት ከቤት ራቅሁ። ጋሪዎች በየመንገዱ ሲመላለሱ አየሁ፤ አባቴ የሚያውቃቸው አንድ ሙስሊም ባለሱቅ ጨርቅ ከሚሸጡበት ጀርባ አሳደሩን፣ ለስመኝ የሚሆን ከረሜላም ጨበጥ አድርገው ሰጡኝ። ከረሜላውን በጉያዬ ይዤ ስገባ እናቴ በሩ ላይ ተቀምጣ ነበር። አልተነሳችም።

«ያችን አንዲት ቃሏን ምን በላት?» አለችኝ። «አባባ ሦስት ቀን ጠየቋት። እጇን አንተ የምትቀመጥበት አጎዛ ላይ አሳርፋ ዝም። ባዶውን አጎዛ እየዳሰሰች ዝም!» እናቴ የምታለቅስ መስሎኝ ነበር፤ ግን ለማልቀስም የደከማት ይመስል ዓይኗን ብቻ ጨፈነች። ከረሜላው ጉያዬ ውስጥ መቅለጡን ያወቅሁት በኋላ ነው።

በማግስቱ ማለዳ አባባ ገጀራቸውን ይዘው «ና» አሉኝ። ወደ ቀርከሃው ገባን። ጭጋጉ ወፍራም ስለነበር አሥር እርምጃ ሳይርቁኝ ጠፉብኝ። «ደሳለኝ፣ አለህ?» አሉ። «አለሁ፣ አባባ።» ገጀራው ሲመታ ሰማሁ፣ አንድ ቀርከሃ እየተንሿሿ ከእኔ ወዲያ ወደቀ። ከዚያ ድምፃቸው ከጭጋጉ ውስጥ መጣ፤

«ስንት ምሽት ነው በእሷ ፈንታ የመለስኸው?»

ውሸት አልመጣልኝም። «አሥራ ዘጠኝ።»

«ቆጥረኸዋል ማለት ነው። አሁን ገጀራውን የያዝኸው አንተ ብትሆን፣ እኔ እዚህ ቆሜ ሳለሁ ሌላ ሰው በእኔ ፈንታ አለሁ ቢልልህ ምን ታደርግ ነበር?»

«እቆርጥ ነበር።»

«እንግዲህ።»

ወደ እኔ ሲመጡ እግራቸው ከቅጠሉ ላይ ሲንኮሻኮሽ እሰማ ነበር። ይመቱኛል ብዬ ትከሻዬን ሰበሰብሁ፤ እሳቸው ግን አጠገቤ ጉቶ ላይ ተቀመጡ። «ያውቁ ነበር፣ አባባ?» ስል ጠየቅኋቸው። «ጆሮዬ ነው ብዬ ነበር» አሉ። «ግን እኔም ደክሞኝ ነበር። መልሱ ቶሎ ሲመጣ ደስ አለኝ። ሳላጣራ ቀጠልሁ።» ከዚያ ገጀራውን በሣር ጠረጉና «መቁጠር ከቻልህ ቁጠር። አፍህን ግን ዝጋ» አሉ።

«እስከ ስንት ልቁጠር?»

«እስክትመልስ ነዋ።»

ከዚያ ወዲያ የነበሩት ምሽቶች በሕይወቴ ከሁሉም ረጃጅሞቹ ይመስሉኛል። ሙላትና ታናናሾቹ እንዳሉት ቀሩ። አባባ ይጠይቃሉ፣ ቢላዋው ይቆማል፣ እኔ በልቤ እቆጥራለሁ። መቶ፤ ሁለት መቶ። ስመኝ ቀና ብላ አፌን ታያለች። አራተኛው ምሽት ላይ በአጫጭር ጣቶቿ ከንፈሬን ይዛ ልትከፍተው ሞከረች፤ ጥርሴን ነክሼ ቆየሁ፣ እሷም ተናዳ አለቀሰች። ተረቱ ሳይቀጥል ወደ እራት ተነሳን። እናቴ «አባባ፣ ይተዋት፤ በቃ ይተዋት» አለች። አባባ «እኔ ምን አደረግኋት? ጠየቅኋት እንጂ» አሉ፤ ግን ድምፃቸው እንደ ልማዳቸው የጠና አልነበረም። እኔም በዚያች ሰዓት፣ ቃሉን እኔ ነኝ የገደልሁት፣ አይመለስም ብዬ አምኜ ነበር።

በዘጠነኛው ምሽት መቶ ሠላሳ ስድስት ላይ ደርሼ ሳለ አገጬ ሥር ትንፋሿ ሲለወጥ ተሰማኝ። «አ» አለች። ቁጥሩ ጠፋብኝ። ከዚያ፣ «…ሁ»።

አባባ አላሞገሷትም። አላቀፏትም። ቢላዋቸውን አነሱና «ጅቡም» አሉ ወዲያው፣ «ሦስተኛው ወንዝ ጋ ሲደርስ፣ አፉን ውሃ ውስጥ ነክሮ…» ስመኝ በሁለት መዳፏ አጎዛውን መታች። ተረቱ በእሷ ቃል መንቀሳቀሱን ያን ምሽት ያወቀች ይመስለኛል፤ ግን ይህ የእኔ ግምት ነው። እናቴ ጭልፋ እንደያዘች ጓዳው በር ላይ ቆማ ነበር፤ ከጭልፋው የሚንጠባጠበው ወጥ እግሯ ላይ እየወረደ መሆኑን አላወቀችም።

ከጥምቀት በኋላ ሙላት በሩ ላይ ብቅ ብሎ «እ… ጅቡ ፈረሱን በላው እንዴ?» አለ። አባባ «ገብተህ ተቀመጥና ተራህን ጠብቅ» አሉት። ገባ፤ ከዚያ ወዲያ ሲጠብቅ አላቃሰተም፤ ወይም እኔ አልሰማሁትም።

ስመኝ ስድስት ዓመት ሲሆናት አባባን ሳል ያዛቸው። ቢላዋ መጨበጥ አቃታቸው፤ እጃቸው ባዶ ሲሆን ደግሞ አፋቸውም እንደማይፈታ ስመኝ እንዴት እንዳወቀች አላውቅም፤ አንድ ስንጣቂ ቀርከሃ አምጥታ መዳፋቸው ላይ አስቀመጠችላቸው። እሱን ይዘው የድሮውን የጅብ ተረት ጀመሩ፤ ግማሽ ላይ ድምፃቸው ቆመ። አገጫቸው ደረታቸው ላይ ወርዶ ነበር። እናቴ «ተኝተዋል፤ ተነሱ ልጆች» አለች በሹክሹክታ። ሁላችንም ተነሳን። ስመኝ አልተነሳችም። ወደ ፊታቸው ጎንበስ ብላ «አለህ?» አለች።

ያን ጥያቄ ስትጠይቅ የመጀመሪያዋ ነበር። ሙላት ሊናገር ሲል እጁን ያዝሁት። ከልማዴ የተነሳ ቆጠርሁ። ሁለት መቶን አለፍሁ። ስመኝ ከንፈራቸውን እያየች ተቀምጣለች፤ አልነቀነቀቻቸውም፣ ጥያቄውን አልደገመችም። በቤቱ ውስጥ መጠበቅን እንደ እሷ የሚያውቅ ሰው አልነበረም።

«አለሁ» አሉ አባባ፣ ዓይናቸውን ሳይገልጡ። «ጅቡም…»

በዚያው ወር ቀበርናቸው። ጅቡ ሠርጉ ቤት ሲደርስ የሆነውን ከብዙ ምሽት በፊት ሰምተን ስለነበር ተረቱ አልጎደለብንም።

አሁን ዳንግላ አስተምራለሁ። አንድ ልጅ ጥያቄ ጠይቄ ዝም ሲለኝ በልቤ መቁጠር እጀምራለሁ፤ እውነቱን ልጻፍ፣ አብዛኛውን ቀን ሃያ ሳልደርስ ሌላውን ልጅ እጠራለሁ። የክፍሉ ልጅ ብዙ ነው፣ እኔም ይደክመኛል። ከአባባ የተማርሁትን ያህል መሆን አለመሆኔን እጠራጠራለሁ። ስመኝ አሥራ አራት ዓመቷ ነው፤ ቃሎቿ ዛሬም ጥቂት ናቸው፤ አጥሚቱን ግን ራሷ ትጠጣለች፣ ቀርከሃውንም በልኩ ለይታ ታስቀምጣለች። እናቴ አርጅታለች፣ ወገቧም አልዳነም።

አንዳንድ ቅዳሜ በጭነት መኪና መጥቼ፣ ከመንገዱ ወርጄ ጭጋጉ ውስጥ ወደ ቤት ስሄድ፣ እግሬን ሰምታ ከበሩ ላይ ትጣራለች። «አለህ?» ትላለች። ሳምንቱን ሙሉ ሳወራ የሰነበትሁ ሰው ስለሆንሁ ድምፄ ቶሎ አይወጣልኝም፤ ዳገቱም ትንፋሼን ይወስደዋል። እዚያው ቆሜ ትንፋሼን እሰበስባለሁ። እሷ ሁለተኛ አትጠይቅም፣ ወደ ውስጥም አትገባም። እስክመልስ ድረስ በሩ ላይ ቆማ ትጠብቀኛለች።