ስለ ራሙ ለዘምዘም ያልነገርኳት

ጥር ውስጥ ነው። ፍኖተ ሰላም ሱቄ ቁጭ ብዬ የአንድ ሰርግ ቪዲዮ ስቆራርጥ ስልኬ ጠራ... ዘምዘም ናት።

ዘምዘም ቡሬ ገበያ ጨርቅ የሚነግዱ ሰዎች ልጅ ናት። ካሜራ አያያዝም፣ ቪዲዮ ኤዲት ማድረግም የተማረችው እኔ ጋ ነው። ሁለት ዓመት አብራኝ ሠርታ ቡሬ ላይ የራሷን ስቱዲዮ ከፈተች። በሰው ፊት «ጎበዝ! የኔ ልጅ!» አልኩ። በሆዴ ግን...

እውነቱን ልናገር፣ ቀናሁ። መጀመሪያ የቡሬ ሙሽሮች ወደ እሷ ሄዱ። ቀጥሎ የሽንዲዎቹ። ከዚያ እዚሁ አፍንጫዬ ሥር ያለው የማንኩሳ ሰው እኔን አልፎ ቡሬ ድረስ ይሳፈር ጀመር። አንዱ የድሮ ደንበኛዬ ጭራሽ «ቀለሙን እንደ ዘምዘም አድርግልኝ» አይለኝ መሰላችሁ! ያን ቀን ምሳ አልበላሁም።

ታዲያ ስልኩን አነሳሁ።

«ጋሼ፣ እንደምን ዋሉ? አዲስ ዴስክቶፕ እየገጣጠምኩ ነው። ላፕቶፑ ቪዲዮ አልችል አለኝ።»

እኔ ዛሬም የምሠራው እሷ በተማረችበት አሮጌ ኮምፒውተር ነው። 

«ራሙ ላይ ግራ ገባኝ» አለች። «ባለ አሥራ ስድስት ጊጋ አንድ አለኝ። ሌላ ባለ አሥራ ስድስት ደግሞ እዚህ አግኝቻለሁ፤ ግን ሥሪቱም ፍጥነቱም ይለያል። አንድ ላይ ብሰካቸው ችግር አለው?»

አውቃለሁ እኮ! በዚህ ነገር የተቃጠልኩ ሰው ነኝ። ራም፣ የኮምፒውተሩ ጊዜያዊ ማስታወሻ፣ ሲገዛ አብሮ የታሸገ መንታ ነው የሚገዛው። ማዘርቦርዱ፣ ሁሉ የሚሰካበት ሰሌዳ፣ የትኛውን እንደሚቀበልም አስቀድሞ ማየት ነው። ከተሰካም በኋላ ሥራ ሳይጀመር በመፈተሻ ፕሮግራም ለሰዓታት ይፈተሻል። ያልተስማማ ራም ክፋቱ ወዲያው አይታወቅም፤ ኮምፒውተሩ ይነሳል፣ ይሠራል... ውስጥ ውስጡን ግን ፋይል ያበላሻል። ይህን ሁሉ ለመናገር ሁለት ደቂቃ አይፈጅም።

እኔ ግን ምን አልኳት?

«አሥራ ስድስትና አሥራ ስድስት ሠላሳ ሁለት ነው። ይህ ምን ይጠየቃል!»

ሳቀች። «አላህ ይስጥልኝ ጋሼ» ብላ ዘጋች። አልዋሸኋትም። ጎጃም ተወልጄ፣ እውነት እየተናገርኩ ሰው ማሳሳት ያቅተኛል እንዴ?

ሳምንታት አለፉ። አንድ ጠዋት ዘምዘም ኮምፒውተሩን በብርድ ልብስ ጠቅልላ ከሚኒባስ ወርዳ መጣች። ዓይኗ ቀልቷል።

ኮምፒውተሩ በየሰዓቱ ስክሪኑ ሰማያዊ እየሆነ ይጠፋል። እሱስ ይሁን... ማንኩሳ የቀረጸችውን ሰርግ ገልብጣበት ኖሮ፣ ግማሹ ቪዲዮ አልከፈት ብሏል። የማይከፈተው ደግሞ የሙሽራው አባት ልጃቸውን የመረቁበት ነው። አባትየው ሰርጉ ካለፈ በሦስተኛው ሳምንት አረፉ። ባለቤታቸው «አርባው ሳይደርስ ድምፁን አሰሙኝ» እያሉ ይጠብቃሉ።

«የካሜራው ካርድስ?» አልኳት።

«ገልብጫለሁ ብዬ አጠፋሁት። ትንሽም ቀርጬበታለሁ። ጋሼ... እርስዎ ይሄኔ ነግረውኝ ይሆናል፤ እኔ ነኝ ያልገባኝ።»

ይችን ስትል መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ።

ክዳኑን ፈትቼ አንዱን ራም ነቀልኩና ሌላውን ብቻውን ፈተሽኩት፤ ንጹሕ ነው። የነቀልኩትንም ለብቻው፤ ንጹሕ ነው። ሁለቱን አንድ ላይ ስሰካቸው ስሕተቱ ስክሪኑን ሞላው።

«ዘምዘም፣ አውቅ ነበር» አልኳት።

«ምኑን?»

«ያን ቀን ስትደውይልኝ እንደማይስማሙ ጠርጥሬ ነበር። ቀንቼብሽ ነው ያልነገርኩሽ።»

እጇን ከኮምፒውተሩ ላይ አነሳች። ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር። 

«ቢነግሩኝ ምን ይቀርብዎ ነበር?» አለች።

ጎንበስ ብዬ አንዱን ራም ነቀልኩ። 

ሻሿን አጠበቀችና ካርዱን ከቦርሳዋ አወጣች። «በሉ እንሞክር።»

ኮምፒውተሩን በአንዱ ራም ብቻ አስነስተን፣ የጠፋ ፋይል በሚፈልግ ፕሮግራም ካርዱን መበርበር ጀመርን። የሚመጣው ሁሉ ቁርጥራጭ ነው። የሚዜዎች ጭፈራ፣ ግማሽ ድንኳን፣ የሰው እግር... ሲመሽ እኔ ተስፋ ቆረጥኩ። እሷ ግን አንድ በአንድ እየከፈተች ቀጠለች። ስሙ የተበላሸ አንድ ትንሽ ፋይል ነበር፤ እኔ ብሆን አልፌው ነበር። እሷ ከፈተችው።

«ውለዱ፣ ክበዱ... የዘራችሁት ይብቀል...»

የአባትየው ድምፅ ነው! መጨረሻው ተቆርጧል፤ ያለው ግን ጥርት ያለ ነው። ዘምዘም አፏን በእጇ ይዛ አለቀሰች። እኔም መነጽሬን ስጠርግ ቆየሁ።

በማግስቱ ማንኩሳ ይዘንላቸው ሄድን። እናትየው ጥቁር ለብሰው መደብ ላይ ተቀምጠዋል። ሦስት ጊዜ ደጋግመው አዩት። ከዚያ ዘምዘምን ግንባሯን ስመው፣ ለቅሶ የመጣው ሰው ሁሉ እየሰማ መረቋት። «እጅሽ ይባረክ! ከሰው ሁሉ በላይ ያድርግሽ!» ... ያን ሁሉ ምርቃት ቆሜ ሰማሁ።

ወደ እኔ ዞሩ። «ይህስ ልጄ፣ ረዳትሽ ነው?»

ዘምዘም ልትመልስ አፏን ስትከፍት ቀደምኳት።

«አዎ እማማ፣ ረዳቷ ነኝ።»

በሳምንቱ መንታውን ራም አብረን መረጥንላት፤ ሌሊቱን ሙሉ ተፈትሾ አንድም ስሕተት አልተገኘበትም። ቅናቱስ ለቀቀህ ወይ ካላችሁኝ... አልለቀቀኝም፤ አሁን ግን ስትደውል የማውቀውን ሁሉ እነግራታለሁ፣ እየነደደኝም ቢሆን።